አንድ ፍሬ ይጎድላል

ሰው ስህተቱን ይደብቃል። እኔ ግን ስህተቴን እያሳመርኩ፣ እየኳልኩ፣ አደባባይ አውጥቼ «ኑ እዩልኝ» ስል የከረምኩ ሰው ነኝ። ሞኝ ነህ ካላችሁኝ አልከራከርም፤ ከእናንተ በፊት እትዬ አስካለ ብለውኛል፣ ያውም ሆቴላቸው በሰው ሞልቶ እያለ። ግን እስቲ ስሙኝ፤ ሞኝም እኮ ምክንያት አለው።

ሱቄ ሞያሌ ነው፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ማሽኑ ወረቀት ካልነከሰ ሥራ የሠራ አይመስለውም። መብራቱ ከኢትዮጵያ ተሻግሮ ነው የሚመጣልን፤ ሲጠፋ ሁለቱ ሞያሌዎች እኩል ይጨልማሉ፣ በዚህ እንኳ አልተለያየንም። የምተዳደረው በመታወቂያ ኮፒ፣ በማመልከቻና በሾፌሮች ደብዳቤ ነበር። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይልከኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ ኮድ እጽፋለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ስለ ኮዱ ካላወራሁ ስለ ሌንሳ ማውራት አልችልም፤ ስለ ሌንሳ ካላወራሁ ደግሞ አፌን መክፈቴም ትርፍ ነው።

እኛ በምንጠቀምበት በነፃ በሚታደለው ሲስተም ውስጥ አንድ ፕሮግራም በራሱ እጅ ስክሪን ላይ አይጽፍም። ስክሪኑን የሚያስተዳድር ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ይለምናል። «መስኮት ክፈትልኝ፣ ይህን ፊደል እዚህ ጋ አስቀምጥልኝ» ይለዋል። ልመናው ታዲያ ተጠቅልሎና ታስሮ በአንድ ቀጭን መስመር ባይት በባይት ይላካል፣ ተቀባዩም በመጣበት ቅደም ተከተል ይፈታዋል። ይህን ለመረዳት የሞያሌ ሰው ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። በከባድ መኪና ዕቃ ስትልኩ ሾፌሩ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቃችሁም። «ስንት ፍሬ ነው?» ነው የሚላችሁ። ስድስት ፍሬ ትሉታላችሁ። ውስጡ ጫማ ይሁን ሽንኩርት የሱ ጉዳይ አይደለም። ተቀባዩም ስድስት ቆጥሮ ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁጥሩ ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፤ ኮዱም ያው ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሳጥኑ ውስጥ ሌላ ሳጥን፣ በሱም ውስጥ ከረጢት ሲኖር ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኪቦርድ ነው። አንዱ ቁልፍ ሁለት ፊደል ይይዛል፣ ሌላው አራት፣ አንዱ እንግሊዝኛም አማርኛም ነኝ ይላል፤ ይህ ሁሉ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ተጠቅልሎ በዚያች ቀጭን መስመር ማለፍ አለበት። እንዲህ ያለው ልመና በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ስላለው በእጁ የሚጽፈው የለም። ኮድ የሚጽፍ ኮድ ይጻፋል፤ እሱ ራሱ ማሸጊያውንም መፍቻውንም ይወልዳል። ስሙ ጄኔሬተር ነው። እትዬ አስካለ ጄኔሬተር ልሠራ መነሣቴን ሲሰሙ «ስንት ሊትር ይጠጣል?» አሉኝ። ናፍጣ አይጠጣም ብላቸው ለሰፈሩ ሁሉ ምሥራቹን አዳርሰው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሱቄ በር ላይ ይሰለፍ ጀመር።

እትዬ አስካለን ሳላስተዋውቃችሁ አለፍኩ። ከጎንደር መጥተው፣ ድንበር ተሻግረው፣ ከሱቄ ጎን ሆቴል ከከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ምግባቸው ጥሩ ነው፣ ምላሳቸው ደግሞ ከምግባቸው ይበልጥ ቅመም አለው።

ብቻ ነገሩ እንዲህ ነበር። ልመናውን የሚያሽግልን ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ አለ፤ እሱ ቀላል ቀላሉን ማሸግ ያውቅበታል፤ ኪቦርዱ ጋ ሲደርስ ግን «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ደግሞ ጠዋት ለሾፌር በአማርኛ፣ ከሰዓት ለቢሮ በእንግሊዝኛ የምጽፈው በአንድ ኪቦርድ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ራሴ ልጽፍ ተነሣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ አፍስሼ መልቀሙንም አልቻልኩበትም።

ሌንሳ የመጣችው ያኔ ነው። የቦሪ መንደር ልጅ ናት፤ ከብት ከሚያረባ ቤት ወጥታ ናይሮቢ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች። የቀጠርኳት ደብዳቤ እንድትተይብልኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ቆማ ስክሪኔን አየችና፣

«ቦስ፣ ይሄን ኮድ ማነው የጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ፖሌ ሳና» አለችኝ፣ ልክ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ተቀመጠች ስላችሁ ሁለት ዓመት ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ መንገዱን ሰው አልባ ሲያደርገው፣ ደንበኛም ውሻም ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ እኔና እሷ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ሳጥን በሳጥን ውስጥ ስናሽግ እንውላለን። እሷ በሦስት ቋንቋ ትቆጣለች፤ ስዋሂሊው «ሃያ» በል እንግዲህ ማለት ነው፣ ኦሮምኛው «ማሎ» ደግሞ እባክህ። «ሃያ፣ አሁን ቁጥሩን ንገረኝ። ቁጥር ሳትነግረኝ ዕቃ አታውርድ ማሎ!» ትለኛለች። እኔ አንዳንዴ ቁጥሩን እያወቅሁ ዝም እላለሁ። ያኔም ጀምሮኝ ነበር ማለት ነው።

ይህች ልጅ ስህተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። የእትዬ አስካለ የግድግዳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ወደኋላ መቅረቱን አይታ አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥታ አስተካከለችው። ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ ሰዓቱን አይቶ ደነገጠና ሻዩን ሳያዝ ብድግ አለ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣

«ልጄ፣ ሰዓቱ ወደኋላ የቀረው በስህተት መሰለሽ? በስሌት ነው!» አሏት።

ሌንሳ ግን የምትበገር ዓይነት አይደለችም። እሳቸው ወደኋላ ይመልሱታል፣ እሷ ወደፊት ትመልሰዋለች፤ እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ኖሩ።

የእናቷን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እናቷ ቦሪ ሆነው በየሳምንቱ በፒክአፕ ወተት ይልኩላታል፣ በቅል። አንድ ቀን ሾፌሩ «እናትሽ አራት ፍሬ ብለውኛል» ብሎ ሦስት ቅል አወረደ። ሌንሳ መሐል መንገድ ላይ ሰውየውን በሦስት ቋንቋ ሌባ አለችው። ምስኪኑ ሾፌር መኪናውን ገለባብጦ ፈተሸ፣ ወንበሩን አነሣ፣ ግራ ሲገባው የገዛ ጫማውን ሳይቀር አወለቀ። አራተኛው ቅል የለም። ቅዳሜ ፍለጋ ቦሪ ወረደች። እናቷ ምሳ ሠርተው ደጅ ቆመው ይጠብቋታል።

«አራተኛው የታል?»

«የለም፤ ሦስት ነው የላክሁት።»

«ታዲያ ለምን አራት አልሽው?»

«ሦስት ብለውማ ኖሮ ጠጥተሽ ዝም ትዪ ነበር። ይኸው አራት ስለው መጣሽ!»

ሌንሳ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅሽው ወይ ብላት፣ «ኤዬ፣ አንድ ቅል ሰጠሁት። አሁን በኪሳራ ሁለት ቀረኝ ቦስ» አለችኝ።

ጥሩ ነገር አይበረክትም። አንድ የናይሮቢ ድርጅት ሥራ ሰጥቶ ጠራት። ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የሚነግሩት ሰው የታደለ ነው፤ እኔ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስቀምር፣ ስሰርዝ፣ ስቀምር ከረምኩ። በሄደችበት ጠዋት ሻንጣዋን ይዤ እስከ መኪናው ሸኘኋት። ጭነቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደኛ ያያል፣ ሞተሩ ተነሥቷል፣ ዓረፍተ ነገሬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳለች።

«ቻርጀርሽን ያዝሽ?» አልኳት።

«ይዣለሁ ቦስ።»

«ገመዱንስ?»

«ገመዱንም።»

መኪናው ሄደ። አቧራው እስኪወርድ ቆሜ ቀረሁ። እስከ ዛሬ የቻርጀር ገመድ ሳይ እዚህ ደረቴ ላይ ያመኛል።

ናፈቀችኝ። ይህን ሳላስውብ ነው የምነግራችሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ትናፍቀኛለች፤ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ «ተው ልጄ» እያለች የምታባብለው ትዝ ይለኛል፤ ከሰዓት ፀሐዩ ሲከር ደግሞ ይብሳል። ወንበሯን ከቦታው አላነሣሁትም። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «እግሩ ተሰብሯል» እላለሁ። አንድ ደግ ሾፌር ይህን ሰምቶ መዶሻና ሚስማር ይዞ መጣና ጤነኛውን እግር ሲቸነክር ዋለ። ከዚያ ወዲህ እውነትም ይነቃነቃል።

ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያወራነው ስለ ዝናብ ነው። ዝናብም አልነበረም።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። ላይብረሪውን የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። ሁሉም በሚያነበው የኢሜይል መድረክ ላይ የጻፍከውን ትልካለህ፣ ያየ ያርምሃል። እኔና ሌንሳም ያንን መድረክ እናነብ ነበር። እሷ በሄደች በስድስተኛው ሳምንት የኪቦርዱን ማሸጊያ የመጀመሪያ ክፍል ላክሁ። በሙቀቱ ይሁን በናፍቆቱ፣ ቁጥሩን ከዝርዝሩ በኋላ አስቀምጬው ኖሯል፤ ዕቃውን ሁሉ አራግፎ ሲያበቃ «ለካ ስድስት ነበር» የሚል ሾፌር ሆኛለሁ። በማግሥቱ መልስ መጣ። ከሌንሳ! ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም እንዲገባ፣ ስህተቴን በአራት መስመር አረመችልኝ። ግርጌው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈች አማርኛ አለች። «ቦስ፣ ቁጥሩ ይቅደም። ቁርስ በልተህ ጻፍ።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም። አትምኳት። እንዳትጠፋ ብዬ ኮፒ ላደርጋት ብል ማሽኑ ነከሳት። ከጥርሱ አላቅቄ፣ በብረት ካውያ ተኩሼ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳት።

በዚያው ሳምንት ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። እያንዳንዱ እሽግ ርዝመቱ በአራት በአራት ባይት መግጠም አለበት፤ ካልሞላ ትርፉ ቦታ በባዶ ይሞላል፣ በሳጥንና በሳጥን መሐል ጭድ እንደሚጎዘጎዘው። ጭዱን አውጥቼ ጣልኩና ላክሁ። «ጭዱ የታል ቦስ? ዕቃው ይሰበራል እኮ» ብላ መለሰች። የዚያን ቀን ለእትዬ አስካለ እንግዶች በሙሉ ሻይ ጋበዝኩ። ለሦስተኛው ስህተቴ የመጣልኝ መልስ ግን አጭር ነበር። «ሜ ቦስ፣ ተው» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

ሥራ በዝቶባት ይሆን? ሰለቸኋት? ገብቷት ይሆን? ካልገባት ያሳዝናል፤ ገብቷት ዝም ካለች ደግሞ የባሰ ያሳዝናል። እኔ እንደሆንኩ ከሞኝና ከወረቀት ወገን ነኝ፣ የያዝኩትን አልለቅም፤ ስህተቱን ከፍ አደረግሁት። ሌንሳ ግን አልመጣችም። የመጣው ክላውስ ነው።

ክላውስ ከየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደግ ሰው ስለመሆኑ ግን እምላለሁ። መድረኩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ለመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ስድስት ገጽ ጻፈልኝ፣ ሳጥኖቹን በሰረዝና በነጥብ ሥሎ። ለሁለተኛው ዘጠኝ ገጽ። «አይዞህ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው» ይለኛል። ሰውየው ቤተሰብ ይኑረው አይኑረው እንጃ፤ ምሽቱን ሁሉ የሚያሳልፈው ከኔ ጋር ይመስለኛል። እኔ በኢሜይል ሳጥኔ ውስጥ አንድ ስም ፍለጋ ስገባ ክላውስ፣ ስወጣ ክላውስ። ሰው እንዲህ ያለ ፍቅር ባልፈለገበት በኩል ሲመጣለት ምን ማድረግ እንዳለበት አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ረቂቅ ስህተት ፈለሰፍኩ። የውስጠኛውን ሳጥን ጭድ ከራሱ ሳይሆን ከውጭኛው ሳጥን ጫፍ ጀምሮ እንዲለካ አደረግሁ። ሲያዩት ልክ ይመስላል። ያንን ኪቦርድ ከኔ ጋር ሁለት ዓመት ያሸገ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ነው። ላክሁና ጠበቅሁ።

ክላውስ አላየውም። «በመጨረሻ! እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ ተቀበለው።

ክው አልኩ። ሰው ሲሳሳት አንድ ቦታ ነው። ጄኔሬተር የሳተ እንደሆነ ግን የሚወልዳቸው ሁሉ ስተው ይወለዳሉ፤ አንዷ ስህተቴ በየተግባሩ ውስጥ ተባዝታ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ልትሠራጭ ነው። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ግን «ዛሬ ታየው ይሆናል፣ ነገ ትጽፍ ይሆናል» እያልኩ አንድ ሳምንት አለፈ። ይባስ ብሎ፣ አዲስ ነገር ሲወጣ በሱቁ ማሽኖች ላይ የመጫን ልማድ አለኝና በገዛ እጄ ጫንኩት።

ጋሽ በላቸው የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ፣ እስከ ናይሮቢ የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ የቆየ ደንበኛዬ። ካምቢዮው ተሰብሮ መንገድ ላይ አሥር ቀን ቆሞ ነበርና የመኪናው ባለቤት ጠርጥሮታል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላሳወቅክ ቁልፌን መልስ ብሎታል። እሱ እያስተዛዘነ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከቁልፎቹ የማላነሣ፣ በሁለት ጣት የምተይብ ሰው ነኝ፤ ታይፒስቷ እሷ ነበረች። ልቤም ናይሮቢ ነበር። አተምኩለት። እሱ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቷልና ሳያነብ ፈረመ። በሌላ ሾፌር እጅ ተላከ።

በሳምንቱ ጋሽ በላቸው ደብዳቤውን በእጁ ይዞ እትዬ አስካለ ሆቴል ምሳ ስበላ አገኘኝ። ባለቤቱ ደውሎ «ምን ጠጥተህ ነው ያጻፍከው?» ካለው በኋላ መልሶ ልኮለት ነው። አየሁት። እያንዳንዱ ቁልፍ የጎረቤቱን ፊደል አውጥቷል። ከአናት እስከ ግርጌ አንድም የሚነበብ ቃል የለም፤ የሚነበበው ፊርማው ብቻ ነው።

«እስቲ ይህ ምን ቋንቋ ነው?» አለ ጋሽ በላቸው፣ ወረቀቱን ለእንግዳው ሁሉ እያሳየ።

አንዱ የሩቅ አገር ነው አለ። ሌላው ግዕዝ ሳይሆን አይቀርም አለ። እትዬ አስካለ ወረቀቱን ቀምተው አዩና፣ «ግዕዝስ አይደለም፤ አባቴ ደብተራ ነበሩ» አሉ። «ይህ የሰይጣን ነው።»

«እትዬ፣ የኔ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ በላቸው ተቀመጠ። ድምፁ ወረደ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አራት ልጅ አለኝ» አለኝ።

እትዬ አስካለ ነገሩ ማሽን እንደማይወድ ገባቸውና ብዕርና ወረቀት አስመጡ። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። እኔ ጉዳዩን ልነግራቸው ብሞክር «ደብዳቤ መጻፍ አስተምረኝ ደግሞ!» አሉኝና እንዲህ ብለው ጀመሩ። «ይድረስ ለተከበሩ ጌታዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የሰማይ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። ካምቢዮው ግን ደኅና አይደለም።» ባለቤቱ ይህን ባነበበ ቀን ደውሎ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ናፈቅኸኝ ያለው ሾፌር በላቸው ብቻ መሆኑን ተናግሮ፣ ሥራህን ቀጥል አለው።

ያን ቀን ግን ገና ደብዳቤው ታሽጎ ሳያልቅ እትዬ አስካለ ወደኔ ዞሩ። «አሁን አንተ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?»

ነገርኳቸው። ስህተቱን፣ ክላውስን፣ በካውያ የተኮስኳትን ወረቀት፣ ሁሉንም። ከዚያ ነው ሞኝ ያሉኝ።

«እኔማ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነበር እትዬ።»

«እንጀራም አይገባበትም! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«እሱ ደጃዝማች እስኪሆን እኔ ከሥራ ልባረር ነበር እኮ» አለ ጋሽ በላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔን እየጠራረግሁ።

ሱቄ ተመልሼ ለመድረኩ ጻፍኩ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፣ የምታርመኝ ሰው ስለናፈቀችኝ ነው አልኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር፣ ሳይጠፋብኝ ብዬ ደግሜ ሳላስብ ላክሁት። ወዲያው ጠፋ። በጨለማ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የጻፍኩትን ስንት አገር እያነበበው እንደሆነ ሳስብ ከሁለቱም ሞያሌ መሰደድ አማረኝ።

ክላውስ የድሮውን ኮድ መለሰና በሁለተኛው ቀን አንዲት መስመር ጻፈልኝ። «ይህን ምክንያት በደንባችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። እኔስ አላረምኩህም ነበር?» ክላውስን ማስቀየሜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሥር ቀን አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን የሌንሳ ስም መጣ። ሰላምታ የለውም። ግርጌውን ደጋግሜ አየሁ፤ ምንም አማርኛ የለም። ኮድ ብቻ ነው፤ የኪቦርዱን ማሸጊያ ከሥሩ አንሥታ አዲስ አድርጋ ጽፋዋለች። ሳጥን በሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ጭዱ በቦታው፣ ሁሉም እንደ ሙሽራ ጓዝ ተስተካክሎ። ተናድዳብኝ ነው የጻፈችው ብዬ ልቤ ተሰበረ፤ ቢሆንም እጇ ያረፈበት ነውና መስመር በመስመር እየዳበስኩ አነበብኩት። ክላውስ «ሞክረህ ንገረን» አለኝ።

ሞከርኩት። ጄኔሬተሩ ወለደ፣ ፕሮግራሙን አስነሣሁ። ምንም የለም። መስኮት አልተከፈተም። ተሳስተሃል የሚል ጩኸትም የለም። ስህተት ሲኖር ተቀባዩ ይጮኻል፣ ይረግማል፣ ይወድቃል፤ ይህ ግን ዝም ብሎ ቆሟል። ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። እንደቆመ ነው።

ፈታትቼ አየሁት። ቁጥሩ ነው። የምትልከው ስድስት ነው፣ ቁጥሩ ግን ሰባት ይላል። አንድ ጨምራበታለች። ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ምስኪን ስድስቱን ተረክቦ፣ አንድ ፍሬ ይቀረኛል ብሎ ይጠብቃል። አይናደድም፣ አይሄድም፤ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ አልዋሽም። ያዝኳት! «ሌንሳ፣ ቁጥሩ ላይ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ሌንሳ ቁጥር አትስትም። የሰው ሰዓት ካላስተካከልኩ ብላ ወንበር ላይ የምትወጣ ልጅ፣ ስድስትን ሰባት አትልም። ከዚያ ቦሪ ትዝ አለኝ። ሦስቱ ቅል፣ ደጅ ላይ የቆሙት እናቷ።

ተነሥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ተነቃነቀ። ከዚያ ለክላውስ «አንድ ፍሬ ይጎድላል፤ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ምን እንዳልኩት የገባው አይመስለኝም፤ «ጊዜህን ውሰድ፣ መልካም መንገድ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁን ዘጋሁ። ቁልፉን ለእትዬ አስካለ ስሰጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት፤ ሃያ ደቂቃ ወደኋላ እንደቀረ ነው። «እሷ መጥታ ታስተካክለው» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው ሣህን እያጠቡ።

ጋሽ በላቸው በአዲሱ ካምቢዮው ወደ ናይሮቢ ሊነሣ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ መንገድ መንገጫገጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ የምናገራትን ዓረፍተ ነገር ከአሁኑ እየደጋገምኳት ነው፣ ገመድ የሚል ቃል የለባትም። ጋሽ በላቸው ሸራውን እየወጠረ ከላይ ሆኖ አየኝና እጁን ዘረጋልኝ።

«አምጣ ሻንጣህን። ስንት ፍሬ ነው?»

«ሁለት» አልኩት።

አንዷን ሻንጣዬን ተቀብሎ፣ ሁለተኛውን ፍለጋ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ተመለከተ።